ጠይም እጅ ላይ የማይነጣ ስስ ሮዝ የጥፍር ቀለም እንዴት ነው የሚመረጠው?

ጠይሟ_ከሳሪስ | ሰኞ፣ ማታ 2:40

እህቶቼ ሰላም ናችሁ? አንድ ነገር አስቸግሮኝ ነው። ጥር ላይ የታናሽ እህቴ ሠርግ ነው፣ እኔም ከሚዜዎቹ አንዷ ነኝ። ቀሚሳችን የኮክ ቀለም ስለሆነ ጥፍሬን ደማቅ ቀይ መቀባት አልፈለግሁም። የፈለግሁት ያንን ስስ ሮዝ ነው፤ ጥፍሩን ሳይሸፍን ጤነኛና ንጹሕ የሚያደርገውን፣ ነጩ ጫፍ በስሱ የሚታይበትን።

እህቴ ቀይ ናት፣ እኔ ጠይም ነኝ። ባለፈው ሳምንት ከአንድ ጠርሙስ ተቀባን። እሷ እጅ ላይ አብሯት የተወለደ መሰለ። እኔ ላይ ግን ግድግዳ ኖራ ስቀባ የዋልኩ ነው የሚመስለው። ይስተካከላል ብዬ ሁለተኛና ሦስተኛ ስደርብበት ጭራሽ አመድ ሆነ። በማግስቱ ቢሮ ገብቼ እጄን ኪቦርድ ላይ ሳየው ስለከፋኝ ምሳ ሰዓት ላይ በአሴቶን ጠራርጌ አወጣሁት።

የሸጠችልኝ ልጅ «አንደርቶንሽን ሳታውቂ ሮዝ አትግዢ» አለችኝ። ፈልጌ ያነበብኩት ሁሉ ደግሞ የእጅ አንጓሽን የደም ሥር እዪ፣ አረንጓዴ ከሆነ ሞቃት፣ ሰማያዊ ከሆነ ቀዝቃዛ ነሽ ይላል። የኔ የደም ሥር በቅጡ እንኳ አይታይም። ጠይም የሆናችሁ እንዴት ነው የምትመርጡት? ወይስ ይሄ ቀለም ለቀዮች ብቻ ነው የተሠራው?

ቀይ_ዳማ | ሰኞ፣ ማታ 3:05

ውዴ፣ የደም ሥሩን ተይው። እኔ የወርቅና የብር ቀለበት በየተራ አድርጌ ነው የማየው። ወርቅ እጄን ያፈካዋል፣ ብር ያደክመዋል። ስለዚህ ወደ ኮክ የሚያደላ ሮዝ እገዛለሁ፣ እስካሁን አላሳፈረኝም።

ጥፍር_ሠሪዋ | ሰኞ፣ ማታ 3:50

ጠይሟ፣ የመጨረሻ ጥያቄሽ ልቤን ነካው። ብዙ ደንበኞቼ ልክ እንዳንቺ ብለው ተስፋ ይቆርጡና ቀለም የሌለውን ብቻ ያስቀባሉ። ላንቺም ተሠርቷል የኔ እህት፣ ምርጫው ላይ ነው ነገሩ። ጥፍር ስሠራ 11 ዓመት ሆኖኛል፣ የማውቀውን ልንገርሽ።

ጠይም፣ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጥቁር የምንለው የቆዳውን የላይ መልክ ነው። አንደርቶን የሚሉት ከሥር ገፍቶ የሚወጣውን ነው፣ እኔ የውስጥ ቀለም እለዋለሁ። ሁለት ጠይም ሴቶች ጎን ለጎን ቢቆሙ አንዷ ወደ ማር ታደላለች፣ ሌላዋ ወደ ቀይ ሽንኩርት ልጣጭ። ቀይ የምንላት ሴት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከውስጧ ብጫ ናት። «ቀይ» የሚለው ቃላችን ራሱ ደንበኛን ያሳስታል፤ «እኔ ቀይ ስለሆንኩ ቀዝቃዛ ሮዝ ስጪኝ» ብላኝ ስቀባት ጥፍሯ ከጣቷ ጋር የተጣላባት ብዙ ናት።

የደም ሥሩ ነገር ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ብዙም አይረዳም፣ ቆዳን የሚያጠቁረው ሜላኒን ይሸፍነዋል። እኔ ደንበኛዬን መስኮት አጠገብ አስቀምጣታለሁ፤ ቀን ይሁን፣ ፀሐይ ግን በቀጥታ እጇ ላይ አትውደቅ። አንዱን እጇን ደማቅ ነጭ የማተሚያ ወረቀት ላይ፣ ሌላውን የእጅ ፈትል ነጠላ ላይ አሳርፋለሁ። ወረቀቱ ወደ ሰማያዊ የሚሄድ ንጣት አለው፤ ያልነጣ ፈትል ደግሞ ወደ ቅቤ ያደላል። እጇ ፈትሉ ላይ ከፈካና ወረቀቱ ላይ ከደከመ የውስጥ ቀለሟ ሞቃት ነው፣ ወደ ብጫ ያደላል ማለት ነው። ተቃራኒው ከሆነ ቀዝቃዛ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ። ለሁለቱም እኩል ከሆነ መሃል ናት፣ ዕድለኛ ናት። ሌላም ዓይነት አለ፣ የወይራ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴነት ከሥሩ ያለው። እሷን ቀዝቃዛ ሮዝ ጨርሶ አይስማማትም፣ ያገረጣታል።

ይሄን ሁሉ ካልኩሽ በኋላ ግን፣ ያንቺ ችግር አንደርቶን አይመስለኝም። ነጩ ነው።

ስስ ሮዝ በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው ግልጽ ፈሳሽ ላይ ጥቂት ቀይ ቀለም ጠብ ብሎበት ነው፣ ጄሊ እንለዋለን፤ እንደ ብርዝ ወደ ውስጥ ያሳያል። ሁለተኛው ብዙ ነጭ ላይ ትንሽ ቀይ ገብቶ ነው፣ ወተታማው። ጠርሙሱ ውስጥ ሲታዩ መንትያ ናቸው። ጥፍር ላይ ግን ጄሊው የጥፍርሽን ሥጋ ያስተላልፋል፣ ወተታማው ጋረደው ማለት ነው። የእህትሽ ጥፍር ሥር የፈካ ስለሆነ መጋረጃው አልታወቀባትም፣ ያንቺ ጠቆር ስለሚል ነጩ ፊት ለፊት ወጣ።

ሱቅ ስትሄጂ እንዲህ አድርጊ። ግልጽ ፕላስተር ይዘሽ ሂጂና ሻጯን አስፈቅደሽ እሱ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ በስሱ ቀቢ። ሲደርቅ ያጠፋሽው ስልክ ጥቁር መስታወት ላይ ለጥፊው። ሮዙ ጥቁሩ ላይ ከጠፋ ጄሊ ነው፣ ውሰጂው። ነጭ ጭጋግ ሆኖ ከታየ እጅሽም ላይ እንዲሁ ነው የሚሆነው።

ኬሚስትሪ_አስተማሪ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:20

ጥፍር ሠሪዋ ያለችው በሳይንሱም ትክክል ነው፣ ምክንያቱን ልጨምር። በጥፍር ቀለም ውስጥ ነጩ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባል ዱቄት ነው። ሥራው ብርሃንን መበተን ነው። ፈሳሹ በአብዛኛው ኢታይልና ቡታይል አሲቴት ነው፣ ይተናል፤ ጥፍሩ ላይ የሚቀረው ስስ ሽፋን ዋናው ናይትሮሴሉሎስ ነው፣ ዱቄቱ እዚያ ውስጥ ተበትኖ ይቀራል።

ጠይሟ፣ አመድ ሆነ ያልሽው የዓይንሽ ስሕተት አይደለም። ጠዋት ከጎጆ ጣራ የሚወጣ ጭስ አይተሽ ታውቂ እንደሆነ፣ ከኋላው ጥቁር ተራራ ሲኖር ጭሱ ሰማያዊ ይሆናል፤ ያው ጭስ ከፍ ብሎ ብሩህ ሰማይ ፊት ሲደርስ ቡናማ ይመስላል። ስስ የሚበትን ነገር ጠቆር ያለ ነገር ላይ ሲዘረጋ ወደ ሰማያዊ ግራጫ ይሄዳል። ስስ ነጭ ጠቆር ያለ ጥፍር ላይም ይኸው ነው የሚሆነው። ስትደርቢው የባሰበትም ለዚህ ነው፤ የጨመርሽው ሮዝ ትንሽ፣ ነጭ ብዙ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ከጥፍር ሠሪዋ ልለይ። የውስጥ ቀለም ሁለተኛ ነው ብላ ስታበቃ ፈተናውን በእጅ ቆዳ ላይ አደረገችው። ቀለሙ የሚያርፈው ቆዳ ላይ አይደለም፣ ጥፍር ላይ ነው። የጥፍር ሥር ደግሞ ቀለሙን የሚያገኘው ከሥሩ ካሉት ቀጫጭን የደም ሥሮችና እዚያው ካለው ሜላኒን ነው። ከእጅ ጀርባ ጋር የግድ አይመሳሰልም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:10

እዚህ አሜሪካ ስትመጪ ስለ ስስ ሮዝ ጠይቀሽ መጀመሪያ የሚሰጡሽ ኤሲ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራውን ባሌት ስሊፐርስ ነው። ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ቀለም ነው። በ1989 የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ ጸጉር ሠሪ ለኩባንያው ደብዳቤ ጽፎ ንግሥቲቱ ሌላ አትቀባም ብሎ ጠርሙስ እንዲልኩለት ጠየቀ ይባላል፣ ከዚያ ወዲህ ዝናው አላባራም። እጅግ የፈካ ሮዝ ነው፣ የእሷን እጅ አስቢው፤ የተመረጠው ለእንደዚያ ያለ እጅ ነው።

እኔ የጠይም ጠይም ነኝ። የያዝኩት ኦፒአይ የሚባለው ሌላ ኩባንያ የሚሠራውን በብል ባዝ ነው፤ ከሮዝነቱ ሥጋማነት ስላለው አንድ ጊዜ በጣም በስሱ እቀባና እተወዋለሁ። እዚህ ሰው ሁሉ ከሥሩ ፈኒ በኒ የሚባለውን ይደርባል። እሱ ግን ሮዝ አይደለም፣ ስስ ነጭ ነው። ጠይም እጅ ላይ ያንን ከሥር ማድረግ ኬሚስትሪ አስተማሪ ያለችውን ጭስ በገንዘብ መግዛት ነው።

ስም ላይ ብዙ አትድከሚ ግን። አንድ ስም ያለው ቀለም በጄል (ጄሊ አይደለም፣ በመብራት የሚደርቀው ዓይነት) እና በተራው አንድ ላይሆን ይችላል፣ እኔ ሁለቱንም ገዝቼ አጠገብ ለአጠገብ አይቼዋለሁ።

ጠይሟ_ከሳሪስ | ማክሰኞ፣ ማታ 1:30

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይሄን ያህል መልስ አልጠበቅሁም።

ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከቤት ሳልወጣ የእናቴን ነጠላ አውጥቼ ሞከርኩ። እጄ ፈትሉ ላይ በግልጽ ፈካ፣ ወረቀቱ ላይ ደከመ። ስለዚህ ቆዳዬ ሞቃት ነው ማለት ነው። ጥፍሬን ስመለከት ግን ወይን ጠጅ ነገር ሆነብኝ፣ ከንፈሬን ብርድ ሲመታው እንደሚሆነው። ያሮጌውን ሮዝ በፕላስተር ላይ ቀብቼ ስልኬ ላይ ስለጥፈው ደግሞ ቁልጭ ያለ ነጭ! ገባኝ። አሁን ቆዳዬን ልስማ ወይስ ጥፍሬን?

ነርሷ | ማክሰኞ፣ ማታ 1:55

በታኅሣሥ ብርድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የማንም ጥፍር ወይን ጠጅ ይሆናል የኔ ቆንጆ። ብርድ ሲመታን ወደ ጣት ጫፍ የሚሄደው ደም ይቀንሳል። እጅሽን ለብ ባለ ውኃ አሙቂ፣ አድርቂና ጥቂት ቆይተሽ እንደገና እዪው። ሞቆ እንኳ ሰማያዊ ከሆነ ግን የቀለም ጉዳይ አይደለም፣ ሐኪም ይየው።

ጥፍር_ሠሪዋ | ማክሰኞ፣ ማታ 3:15

ነርሷ እውነቷን ነው፣ ጠዋት የሚመጡ ደንበኞቼን መጀመሪያ እጃቸውን ሙቅ ውኃ ውስጥ የማስነክረው ለቆዳው ማለስለሻ ብቻ አይደለም።

ኬሚስትሪ አስተማሪ፣ እርማትሽን ተቀብያለሁ፣ እኔም በሥራ የማደርገው አንቺ ያልሽውን ነው፣ ስጽፍ ነው ያጠፋሁት። ጥፍሩና ቆዳው ሲለያዩ ጄሊ ከሆነ ጥፍሩን እከተላለሁ፣ ምክንያቱም የሚታየው እሱ ነው። ወተታማ ከሆነ ቆዳውን፣ ምክንያቱም ጥፍሩ ተሸፍኗል፣ የሚወዳደረው ዙሪያው ካለው ጣት ጋር ነው።

ቀለሞቹን በምናውቀው ልናገር። ሞቃት የውስጥ ቀለም ላላት ጠይም የዘይቱን ሥጋ የመሰለውን ሮዝ እመርጣለሁ፤ ሮዝ ነው፣ ግን ከውስጡ ትንሽ ብርቱካን አለበት። ኮክ የሚመስለውም ያስኬዳል፣ ይሁንና በጣም ብርቱካን ከሆነ ጥፍሩ በእርድ የተነካ ይመስላል፣ ተጠንቀቂ። ቀዝቃዛ ለሆነች ጠይም ወይም ጥቁር የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ወይም ቀይ ሥር የተቀቀለበት ውኃ የመሰለ ጄሊ። እሱ ጥቁር እጅ ላይ እንዴት እንደሚያምር ብታዪ! ጠርሙሱ ውስጥ ጠቆር ስለሚል ሴቶች ይፈሩታል፣ «ስስ ነው የፈለግሁት» ይሉኛል። ስስነት ግን መንጣት አይደለም። ጠቆር ያለ ጄሊ አንዴ በስሱ ሲቀባ ከማንኛውም ፈዛዛ ወተታማ የበለጠ ወደ ውስጥ ያሳያል።

ሁሉም ሰው ሊርቀው የሚገባ ቀለም ካለ ሰላጣ ውስጥ ቀይ ሥር የነካው ድንች የሚመስለው ነው፤ ሰማያዊነት ያለው፣ ነጭ የበዛበት ሮዝ። በሥራ ዘመኔ ጠይም እጅ ላይ አምሮ ያየሁት የለም።

ሐረርጌዋ | ረቡዕ፣ ጠዋት 3:00

ጥፍሩ ላይ ሂና ያለበት ሰው ምን ያድርግ? የወንድሜ ኒካህ ላይ ጣቶቼን እስከ ጥፍሬ ተቀብቼ ነበር። ቆዳው ላይ ያለው በሁለት ሳምንት ለቀቀ፣ ጥፍሩ ግን እስካሁን ብርቱካን ነው። ከላዩ ስስ ሮዝ ስቀባ የሆነ የዛገ ነገር ይመስላል።

ጥፍር_ሠሪዋ | ረቡዕ፣ ቀን 6:20

ሐረርጌዋ፣ ሂና ጥፍር ውስጥ ይገባል፣ በአሴቶንም በሎሚም አይለቅም። እባክሽ እንዳትፍቂው፣ ጥፍርሽ ይሳሳል። ጥፍር በወር ወደ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚያድግ፣ ሙሉው እስኪተካ ወደ 6 ወር ይፈጃል። እስከዚያ ብርቱካኑን እንደ ውስጥ ቀለምሽ ቁጠሪው። ቀዝቃዛ ሮዝ ነው የሚያዝገው። ሞቅ ያለ የዘይቱን ጄሊ ደርቢበት፣ ከሥሩ ሂናው እንደ ፍም ያበራል። ሆን ብለው እንዲህ የሚያሠሩ ደንበኞች አሉኝ።

የጎጃሟ | ረቡዕ፣ ማታ 1:10

ይሄን ሳነብ አያቴ ትዝ አለችኝ። እሷ የጥፍር ቀለም በጠርሙስ አታውቅም። የእንሶስላ ሥር ተወቅጦ መዳፍና ጥፍር ላይ ተደርጎ በጨርቅ ታስሮ ያድራል፣ ጠዋት ሲፈታ ቀይ ነው። ጠይም ነበረች፣ እጇ ላይ ያ ቀይ ሲያርፍ ነጥቶ አያውቅም፤ ለካ ውስጡ ነጭ ስላልነበረው ነው! እንሶስላም እንግዲህ ከጄሊው ወገን ነው።

የሐይፋ_ልጅ | ረቡዕ፣ ማታ 2:45

እዚህ እስራኤል የጥፍር ቀለሙን ላክ ነው የምንለው፣ ሁሉም ሰው የሚያሠራው ደግሞ ጄሉን ነው፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ስለሚቆይ። ስለሚቆይም ነው ስሕተቱ የሚያስከፍለው። አንዴ ማታ ከሥራ ወጥቼ ገብቼ በቤቱ መብራት ሥር የመረጥኩት ሮዝ እዚያው ሲታይ ማር ነበር። ጠዋት አውቶቡስ ስጠብቅ ፀሐይ ስትወጣ ሐምራዊ ሆኖ አገኘሁት፣ ሦስት ሳምንት አብሮኝ ኖረ። ብጫ አምፖል ቀዝቃዛውን ሮዝ ሞቃት ያስመስላል። ከዚያ ወዲህ ናሙናውን ይዤ በር ላይ ወጥቼ ነው የማየው፣ ሠራተኛዋ ብትቸኩልም።

ናሙናው ራሱም ነጭ ፕላስቲክ ላይ የተቀባ ከሆነ አትመኑት። ግልጹን ፕላስቲክ ጠይቁና የራሳችሁ ጥፍር ላይ አስቀምጣችሁ እዩት።

የልጆች_እናት | ሐሙስ፣ ጠዋት 4:30

ልጆቼ፣ እኔ በ58 ዓመቴ ነው ይሄን የማነበው። በኛ ጊዜ ኩቴክስ ቀይ ነበር፣ አበቃ። አሁን ልጄ ስስ ሮዝ አምጥታልኝ ወድጄዋለሁ፣ ግን ሁለት ነገር ያሳያል። አንደኛ ጥፍሬ ሸንተረር አውጥቷል፣ ቀለሙ መስመር መስመር ይሠራበታል። ሁለተኛ ሦስት ጥፍሮቼ ላይ ከሥር እስከ ጫፍ ቡናማ መስመር አለ፣ ከድሮ ጀምሮ ያለ ነው። ምን ይሻለኛል?

ነርሷ | ሐሙስ፣ ቀን 7:00

እማማ፣ መስመሮቹ የቆዩና ብዙ ጥፍር ላይ ያሉ ከሆኑ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ዘንድ የተለመዱ ናቸው፣ ሜላኒን ነው። ይሁንና አንድ ጥፍር ላይ ብቻ አዲስ መስመር ከወጣብዎ፣ እየሰፋ ከሄደ፣ ወይም ጥቁረቱ በጥፍሩ ዙሪያ ወዳለው ቆዳ ካለፈ ሳይውሉ ሳያድሩ የቆዳ ሐኪም ያሳዩት። ስስ ቀለም እንዲያውም ለዚህ ይጠቅማል፣ ጥፍርዎን አይደብቅብዎትም።

ጥፍር_ሠሪዋ | ሐሙስ፣ ማታ 2:00

እማማ፣ ለሸንተረሩ በሞረድ አያስፍቁት፣ ሸንተረር የሚሞላ የሥር ቅባት አለ፣ እሱን አስቀድመው ይቀቡ። ከዚያ ሮዙን በሦስት ምት ብቻ፤ መሃል፣ ግራ፣ ቀኝ። ስስ ቀለምን መመላለስ ነው መስመር የሚያወጣው። ሁለተኛውን ከመደረብዎ በፊት ሦስት ደቂቃ ያህል ይታገሡ። ቡናማው መስመር እንዲለዝብ ከፈለጉ ወደ ቡኒ የሚያደላ ሮዝ ይውሰዱ። ፈዛዛው ሮዝ መስመሩን ያጎላዋል።

ጠይሟ_ከሳሪስ | እሑድ፣ ቀን 10:15

እህቶቼ፣ አገኘሁት! ትናንት ፕላስተሬን ይዤ መርካቶ ገባሁ። ሦስት ሱቅ ዞርኩ። ዘጠኝ ሮዝ ቀባሁ፣ ስድስቱ ስልኬ ላይ ነጭ ሆኑ። ከቀሩት ሦስቱ አንዱ ቀዝቃዛ ነበር። ሁለቱን ደጅ አውጥቼ፣ እጄ ሞቆ ሳለ፣ ጥፍሬ ላይ ለጥፌ አየኋቸው። ነርሷ እንዳለችው ሲሞቅ ወይን ጠጁ ጠፍቶ ጥፍሬ ቀላ ያለ ቡኒ ነው። የመረጥኩት ጠርሙሱ ውስጥ የበሰለ ዘይቱን የመሰለ፣ በፊት ቢሆን «ይሄማ ጠቆረ» ብዬ የምመልሰው ነው። ማታ ሁለቴ በስሱ ተቀባሁት። እናቴ እጄን ይዛ «ምን ተቀብተሽ ነው? ጥፍርሽ ጤነኛ መሰለ» አለችኝ። እኔ የፈለግሁት ይሄንኑ ነበር።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፣ ሠርጉ እሑድ ነው። መቼ ልቀባው?

ጥፍር_ሠሪዋ | እሑድ፣ ማታ 1:40

ደስ ሲል! ዓርብ ማታ ተቀቢው። ቅዳሜ ሽንኩርት ስትልጪ ከዋልሽ ጫፉ ይላጣል፣ ስለዚህ ግልጹን መሸፈኛ ቅዳሜ ማታ አንድ ጊዜ ድገሚበት፣ የጥፍሩን ጫፍ ጠርዝም ይንካ። በብሩሹ ጫፍ የተረፈውን ለእህትሽም አንድ ጥፍር ላይ ሞክሪላት፣ ቀይ ከውስጧ ብጫ ከሆነች ከወተታማው ይልቅ ሊያምርባት ይችላል።

ጠይሟ_ከሳሪስ | እሑድ፣ ማታ 2:05

አሁን ሞከርንላት። ጠርሙሴን ወሰደችብኝ፣ ነገ ሌላ ልገዛ ነው።